ቁጥር የወጣላት ፀሐይ

ያን ቀን እዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የነበረ ሁሉ የፀሐይ ግርዶሽ አይቷል። ተማሪው አይቷል፣ አስተማሪው አይቷል፣ ዘበኛው አይቷል፤ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰገገው መንገደኛ እንኳ አይቷል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ! መነጽሮቹን ሁሉ የተረከበው ሰውዬ ልጅ! ይኼን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም አልሳቅኩም።

አባቴ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ስላችሁ ከሥሩ ሠራተኛ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ ከሥሩ የነበረው ወንበሩ ብቻ ነው። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ንብረት» ነበር የሚለው። ክረምት ከበጋ ግራጫ ካፖርት ይለብሳል፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት አንጠልጥሎ ሲሄድ ከሩቅ ይሰማል። እኔ በልጅ አእምሮዬ ትምህርት ቤቱ የአባቴ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጠመኔው የሱ፣ ኳሱ የሱ፣ ደወሉም የሱ። ዳይሬክተሩ እንኳ መጥረጊያ ሲፈልግ መጥቶ የመጋዘኑን መስኮት ያንኳኳል። «ጋሽ ንብረት፣ እባክህን…» ሲል አባቴ ቀና ሳይል «ይፈርሙ» ይለዋል። ዳይሬክተር የሚያስፈርም ሰው ከንጉሥ በምን ያንሳል?

እሱ እጅ የገባ ዕቃ ያለ ቁጥር አያድርም። ወንበር ሆዱ ሥር ቁጥር አለው፣ ጥቁር ሰሌዳ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ደወሉ ቁጥር አለው፤ የደወሉ መምቻ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው። እናቴ «አንድ ቀን ተኝቼ እኔም ላይ ይጽፍብኛል» ትል ነበር።

አሁን ሳስበው ሰውየው ዕቃ ወዶ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እኔ ትምህርት ሳልጀምር ሉሉ ጠፍቶበታል። ሉል ያልኳችሁ ያንን የሚሽከረከረውን፣ አገር ሁሉ የተሳለበትን ኳስ ነው። አንዱ መምህር ሳይፈርም ወስዶ ሳይመልሰው ቀረ። ዳይሬክተሩ አባቴን መምህራን በተሰበሰቡበት አቁሞ «ከእንግዲህ አንዲት ነገር ብትጎድል ወይ ብትበላሽ ከዚህ ሥራ ትነሳለህ» አለው። እንጀራችን በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የክፍሌ ልጆች «የሱ አባት እኮ ዓለምን የጣለ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል። እኔ ደግሞ ዓለም ስትጠፋ የሚጠየቀው እሱ ከሆነ፣ ጌታዋ ቢሆን ነው እንጂ ብዬ ደረቴን እነፋለሁ።

የሳይንስ መምህርታችን ገና ከማሠልጠኛ የወጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ስትራመድ ጠመኔ ከኪሷ ይረግፋል። እኛ «ቲቸር» እንላታለን፤ አባቴ እቤት ውስጥ «ይቺ ዕቃ የማትፈራ» ነው የሚላት። እሷ ናት ለሆነ ሩቅ ድርጅት ጽፋ ያንን ካርቶን ያስላከችው። በውስጡ የግርዶሽ መነጽሮች አሉ፤ ክፈፋቸው ወረቀት፣ መስተዋታቸው ጥቁር ላስቲክ። አንድ ትልቅ ፖስተርና አንድ የመምህር መምሪያም አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ለመምህራንና ለተማሪዎች፣ በነጻ» ተብሎ ተጽፏል።

ያኔ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር።

«ጋሼ፣ የልጆቹ ነው» አለችው። «በነጻ ነው የመጣው።»

«በነጻ ማለት?»

«በነጻ ነዋ! ማንም አይጠየቅበትም።»

አባቴ ጥርሱ ሳይታይ ሳቀ። «ልጄ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የማይጠየቁበት ነገር ያለ መስሎሻል? ባለቤት ያለው ዕቃ ሲጠፋ ባለቤቱ ጮኾ ጮኾ ይደክመዋል። በነጻ የመጣ ሲጠፋ ግን የማይጮኽ የለም። የሚጮኸው ደግሞ እኔ ላይ ነው።»

«እሺ ምን ይሁን?»

«የሚፈርም ይምጣ።»

«እኔ እፈርማለሁ።»

«ለዚህ ሁሉ? አንዱ ቢቀደድስ? አንዱን ልጅ ቢበላውስ?»

«መነጽር ማን ይበላል ጋሼ?»

«ይኼ» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ማስመሪያ በልቶብኛል።»

እውነት ነው፤ ግን ጫፉን ብቻ ነው። ደግሞስ በሰው ፊት መናገር ነበረበት? እሷ ጎንበስ ብላ አየችኝና ሳቀች። ቂሜ የጀመረው ከዚያች ሳቅ ነው፤ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ደረሰ። ለግርዶሹ ቀን ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተብሏል። ስለዚህ መነጽሮቹን አባቴ ፈርሞ ይረከባል፣ በዕለቱ ያድላል፣ በዕለቱ ይሰበስባል። ዳይሬክተሩ ጣቱን ቀስሮ «ያልኩህን እንዳትረሳ» ሲለው ሰማሁ። እኔ መስሎኝ የነበረው የድግስ ትእዛዝ ነው፤ አባቴን አምነውት፣ አክብረውት። የአባቴ ጆሮ ለምን እንደቀላ አልገባኝም። ቲቸር መምሪያውን ብቻ ፈርማ ወሰደች፤ ካርቶኑ ተቆለፈበት።

ቅዳሜ አባቴ ይዞኝ መጋዘን ገባ። ሥራው ለመነጽሮቹ ቁጥር ማውጣት ነበር። በብዕር ሞከረ፤ ወረቀቱ የሚያንሸራትት ዓይነት ነውና ቀለሙን አልያዘም። ማህተም መታ፤ በአውራ ጣቱ ሲነካው ተዝረከረከ። «በነጻ የመጣ ነገር!» ይላል በየመሐሉ። በመጨረሻ የፈረደበትን መላ አመጣ። ከቆርቆሮ ትንንሽ መለያዎች ቆረጠ፣ በየላያቸው ቁጥር በሚስማር ፈለፈለ፣ በሲባጎ ሊያንጠለጥልባቸው ነው። አንዱን መነጽር ጆሮው ላይ በወስፌ በሳው፣ ሲባጎውን አስገባ፣ ሳብ ሲያደርገው ወረቀቱ ትርትር አለ።

አባቴን ላብ አጠመቀው። ገና ከመጀመሪያው አንድ አበላሸ። የተቀደደውን በማጣበቂያ ለጥፎ በአፉ አናፈሰበት። እኔ በዚህ መሐል አንዱን አንስቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ድቅድቅ ያለ ጨለማ።

«አባዬ፣ ይኼ መነጽር አያሳይም እኮ።»

«በነጻ የመጣ ምን ያሳያል?» አለና ነጠቀኝ። ከዚያ ጥቁሩን ላስቲክ በጥፍሩ ቧጨር ቧጨር አደረገው። ጎተተው። በጥርሱ ሳይቀር ሞከረው። አልተቀደደም። ፊቱ በራ። «ይኸውልህ! ጠንካራው ቦታ እዚህ ነው! ሰዎቹም ለካ አስበውበታል!» ወስፌውን አነሳና የቀኙን ዓይን ላስቲክ እምብርቱ ላይ ብስ አደረገው። ጫፉ ላይ ከሆነ ይቀደዳል፣ መሐሉ ላይ ነው የሚጸናው አለ። ሲባጎ አስገባ፣ ቆርቆሮ አንጠለጠለ፣ ጎተተ። ንቅንቅ የለም።

ተበስቶ ሲባጎ ያልገባበትን አንዱን ወደ መስኮቱ አድርጌ አየሁ። በቀዳዳዋ በኩል ብርሃን ጭል አለች።

«አባዬ! ሠራኸው! አሁን ያሳያል!»

ያን ጊዜ አባቴ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ራሴን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገኝ። «አንደኛው ቁጥር የኔ ነው አይደል?» አልኩት። «እናያለን» አለኝ። እኔ ቃል እንደ መግባት ነው የቆጠርኩት።

አሁን አውቃለሁ። ላስቲኩ ጥቁር የሆነው የፀሐይዋን ኃይል ከዓይን ሊመልስ ነው። ያንን በስቶ በቀዳዳው ፀሐይ ያየ ሰው ዓይኑን ቢያጣ ማንንም አይከስስም። ያኔ ግን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሱ እያፏጨ እኔ ሲባጎ እያቀበልኩ፣ የትምህርት ቤቱን ልጅ በሙሉ ለማሳወር ስንበሳ ዋልን። ከአባቴ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ የለም።

የግርዶሹ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ሱፐርቫይዘሩ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚደርስ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ በዙሪያው ሲሽከረከር ሳየው ሳይንስ ገና አሁን ገባኝ፤ ምድር የምትዞረው እንዲህ ነው ለካ። ቲቸር መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ትሥላለች፤ ዳይሬክተሩ ግን እንግዳ ቆሞ አይጠብቅም ብሎ «ጋሽ ንብረት፣ ጀምር!» አለ።

አንደኛው ቁጥር ለሱፐርቫይዘሩ ተሰጠ።

እሺ፣ እንግዳ ነው ብዬ ዋጥኩት። ሁለተኛው የፋርማሲው ልጅ ደረሰው፤ ቁመቱ መለል ያለ ስለሆነ «ሸንበቆ» የምንለው፣ ዘወትር ብስኩት እያሳየ የማያካፍል ልጅ። እኔ ተራዬ ሲደርስ አባቴ በክንዱ ገፋ አደረገኝ። «አንተ ቆይ። የንብረት ክፍል ልጅ ቀድሞ ወሰደ እንዳይባል።» ቆየሁ። ሁሉም ወሰደ። ካርቶኑ ባዶ ሆነ። አባቴ ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው፣ ወደ እኔ አየና ዓይኑን ሰበረ። ይኼም በደል ነው፤ ነገር ግን የአባት ስለሆነ አልቆጥረውም።

ሰማዩ ደብዘዝ ማለት ጀመረ። ሱፐርቫይዘሩ ባርኔጣውን አነሳ፣ መነጽሩን ወደ ፊቱ አስጠጋ፤ ቆርቆሮዋ አፍንጫው ላይ ትወዛወዛለች። ይኼኔ ቲቸር መምሪያዋን ይዛ ከክፍል ወጣች። መንገዷ ላይ ካገኘችው ልጅ እጅ መነጽር ወሰደች፣ አየችው፣ ቆመች። ፊቷ አመድ ሆነ።

«ማንም ዓይኑ ላይ እንዳያደርግ!» ብላ ጮኸች። ሮጠች። ጠመኔው ከኪሷ እየረገፈ በሰልፉ መሐል ሰንጥቃ ደርሳ የሱፐርቫይዘሩን እጅ ጧ! አደረገችው። መነጽሩ በረረ።

እኔ ይቺ ሴት አበደች አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አነሳ። ወደ ብርሃኑ አደረገው። ቀዳዳዋን አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ያለ ድምፅ ደግሞ ከጩኸት ይከፋል፣ «ይኼን የበሳው ማነው?» አለ።

ዳይሬክተሩ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ የካፖርቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። እኔ «አባቴ ነው! አባቴ ነው የሠራው!» ብዬ ልጮህ አየር ሳብኩ፤ ሰው ሁሉ ሊያመሰግነው መስሎኝ ነው።

ቲቸር ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ ያስበሳሁት» አለች።

«አንቺ?»

«መምሪያው ላይ አለ።» መምሪያውን ከፈተችና በጣቷ አንዱን ገጽ ጠቁማ ከመቅጽበት ዘጋችው። «በቀዳዳ ነው የሚታየው። በዓይን ሳይሆን ፀሐይን ለጀርባ ሰጥቶ። ጊዜ የለንም ጌታዬ፣ ፀሐይዋ አትጠብቀንም። ልጆች! ሲባጎውን አውጡ! ቆርቆሮውን ጣሉ! ፊታችሁን ወደ መጋዘኑ አዙሩ!»

ልጁ ሁሉ ሲባጎ ይመዛል፤ ቆርቆሮ እንደ በረዶ መሬት ላይ ይወርዳል። የቅዳሜ ሥራችን! አባቴ «ቁጥሩ! ኧረ ቁጥሩ!» እያለ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይወድቃል። ደሜ ፈላ። ሥራውን «የኔ ነው» ብላ ቀማችው፤ አሁን ደግሞ ታስበትነዋለች።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉትና ፖስተሩን ያምጡልኝ» አለችው። «ጀርባው ነጭ ነው። ግድግዳው ላይ በሚስማር እንምታው።»

አባቴ በዚያ ሁሉ መሐል ተቆጣ። «ፖስተር በሚስማር አይመታም! የተመዘገበ ዕቃ ነው!»

«እንግዲያው ይያዙልኝ!»

ያዘው። በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ነጩን ወደኛ አድርጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከላይ ፊቱ፣ ከታች ጫማው ብቻ ይታያል። እኔ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ሌባ ሲያዝ ወረቀት አስይዘው ሕዝብ ፊት ሲያቆሙት አይቻለሁ። አባቴን እንደዚያ ነው ያቆመችው። ልጁን ሁሉ ከፊቱ ደርድራ፣ «ከፍ አድርጋችሁ ያዙ! ወደ ጋሽ ንብረት!» ትላለች። ልጁ ፀሐይዋን ለጀርባው ሰጥቶ መነጽሩን ከራሱ በላይ አነሳ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳ። የግቢው ሰው በሙሉ፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር፣ ወደ አባቴ እያየ ይስቃል፣ ያጨበጭባል።

እዚያ የነበሩ ሰዎች ያዩትን በኋላ ከስንቱ ሰምቼዋለሁ። በየመነጽሩ ጥላ መሐል፣ በቀዳዳዋ ያለፈች አንዳንድ የተገመጠች ፀሐይ። ፖስተሩ ላይ፣ ካፖርቱ እጅጌ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ አንዷ ደግሞ አፍንጫው ጫፍ ላይ። ልጁ እጁን ሲያወዛውዝ የፀሐይ መንጋ አባቴ ላይ ይርመሰመሳል። የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶት ስለነበር ፖስተሩም አልታየኝም።

ሸንበቆ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰካ። «እየው አባትህን! ፀሐይ ወጣበት!»

በቡጢ አፍንጫውን አልኩት።

ደም ሲፈስ ቲቸር ደረሰች። «አሁን? አሁን ነው ጠብ ያማረህ?» ብላ በጆሮዬ ጎትታ ክፍል አስገባችኝ፣ በሩን ከውጭ ቀረቀረችው። የክፍሉ መስኮት የሚያየው ወደ ሽንት ቤቱ በኩል ነው። ውጭ «ኧረ እዩ! ኧረ ቀጠነች!» ይባላል፤ ጭብጨባ ይቀልጣል። እኔ ሰሌዳው ላይ ቲቸር የሣለችውን ግርዶሽ እያየሁ አለቅሳለሁ። ያየሁት ግርዶሽ ያ ነው፤ የጠመኔው።

በሩ ሲከፈት ፀሐይዋ ሙሉ ነበረች፤ ምንም እንዳልሠራች።

አባቴ እንደተባረረ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ማንም የለም። የሻይ ብርጭቆውን ኪሴ ከተትኩ፣ የሚቀመጥባትን ትራስ ብብቴ ሥር አደረግሁ፣ ቅያሪ ጫማውን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ክብራችንን ይዘን ቶሎ ብንሄድ ይሻላል ብዬ። በሩ ላይ አባቴ ገጠመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት። እንሂድ፣ አባዬ።»

«ለምን?»

«ተባረርክ አይደል?»

አባቴ ትራሷን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከኪሴ ብቅ ያለውን ብርጭቆ አየ። «ሱፐርቫይዘሩ ጨብጦኛል» አለ። «ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንደዚህ ይብሱ፣ ንብረት ክፍሉ ሄዶ ያሳያቸው ብሏል።» ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ይስቅ ይሁን ያለቅስ አላወቅሁም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ከዚያች ወንበር ማንም አላስነሳውም። ቲቸርንም ከዚያ ወዲህ መስኮት አላስንኳኳትም፤ ገና ስትመጣ በሩን ከፍቶ «የፈለግሽውን ውሰጂ» ይላት ነበር። ተሸንፎላት ነው አልኩ እኔ። አባቴ በሳ፣ እሷ «መምሪያ» ብላ ወሰደችበት፣ ይባስ ብላ በሩን አስከፈተችው። ዓመቱን ሙሉ በሷ ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሳይንስ ወደቅኩ። የወደቅኩት ከብዶኝ አይደለም፣ አኩርፌ ነው። ከዚያም ሌላውን ሁሉ ወደቅኩና ትምህርት በቃኝ።

አሁን ቁልፍ እቀርጻለሁ፤ መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ አለችኝ። ባለፈው ሰሞን አንዲት አሮጊት ቁልፍ ልታስቀርጽ መጡ። አወቅኋቸው። ቀጭን ናቸው አሁንም፤ ጠመኔው ብቻ የለም። እሳቸው አላወቁኝም። ማሽኑን አስነስቼ፣ ቀና ሳልል፣ «እትዬ፣ ድሮ እንትን ትምህርት ቤት አስተምረው አያውቁም?» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ወሬ ከወሬ ሲነሳ ጋሽ ንብረት ዘንድ ደረስን።

«የዋህ ሰው!» አሉ። «ቁጥር አወጣለሁ ብሎ መነጽሩን ሁሉ ብስ!»

«መምሪያው ላይ አልነበረም እንዴ?»

«የት ይኖራል? ካርቶን ብሱ ነው የሚለው። መነጽር ብሱ የሚል እብድ አለ? ሰውየው ቆሞ ካፖርቱን ሲፈታ ሲቆልፍ አየሁት፣ አንጀቴን በላው። በዚያች ቀዳዳ ያባርሩት ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንድ ልጅ ነበረው። ጓደኛውን በቡጢ ብሎ ደም በደም ቢያደርገው ተናድጄ ክፍል ዘጋሁበት፤ በግርግሩ ረሳሁት። ግቢውን ሁሉ አሳይቼ የሱን ልጅ ሳላሳየው ቀረሁ። ጋሽ ንብረት አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምን ሆኖ ይሆን ያ ልጅ?»

ማሽኑን አጠፋሁ። የቁልፉን ጥርስ በሞረድ አለሳለስኩ፣ ብናኙን እፍ አልኩበት።

«እንጃ» አልኳቸው። «አኩርፎ ይሆናል።»

«እስከ ዛሬ?»

ቁልፉን በጨርቅ ጠርጌ ሰጠኋቸው።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስስ አኩርፎ ነበር» አልኳቸው።